አልገባ ያለው የሰርግ ቪዲዮ

ታናሽ እህታችን ስትዳር እናታችን ሰርጉ ላይ አልነበረችም። እህታችን የምታስተምረው ሺንሺቾ ስለሆነ ቃል ኪዳኑም ድግሱም እዚያው ተደረገ። እናታችን ግን ሰርጉ ሲቃረብ ወድቃ እግሯ ተሰብሮ ነበር፤ በጀሶ ታስራ ሆመቾ ቤቷ ቀረች። ስንሄድ እጄን ይዛ «አንዲት ነገር እንዳታመልጥሽ፤ ሁሉንም ቅረጪልኝ» አለችኝ። እኔም ሙሽሮቹን በስልኬ ስክሪን ውስጥ ሳይ ዋልኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እኔና ታላቅ ወንድሜ ሆመቾ ገባን። የእናቴ ዓይን ስለደከመ የስልክ ስክሪን አያጠግባትም፤ ስለዚህ ወንድሜ ከሆሳዕና ላፕቶፑን ይዞ መጥቷል። ጎረቤቱ ሳይጠራ ሰምቶ ቤቱን ሞልቶታል። እናቴ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ፣ ራሷ የሰርግ እንግዳ መስላ ትጠብቃለች።

የስልኬን ኬብል ላፕቶፑ ላይ ሰካሁ። ስልኩ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ፤ ላፕቶፑ ላይ ግን ምንም የለም።

«አያነበውም» አለ ወንድሜ።

«ለምን? ትምህርት ቤት አልገባም እንዴ?» አለች እናቴ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ነቅለን ሰካን፤ ስልኩን አጥፍተን አበራን፤ ያው ነው። በመጨረሻ ከስልኩ ስክሪን አናት ላይ ወደ ታች ሳብ ሳደርግ ቻርጅ ብቻ እያደረገ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ አየሁ። ስነካው ምርጫ አመጣልኝ፤ ፋይል ማስተላለፍ የሚለውን መረጥኩ።

«መጣ! መጣ!» ብሎ ወንድሜ ጮኸ። ጎረቤቶቻችን አጨበጨቡ።

ፎቶዎቹና አጫጭሮቹ ቪዲዮዎች ወዲያው ገቡ። ረጅሙ ቪዲዮ ግን ግማሽ ላይ ሲደርስ ተቋረጠ። ደገምነው፤ አሁንም ተቋረጠ።

«በቃ፣ ያሉትን እንይ» አለ ወንድሜ።

«አይሆንም!» አልኩት። እሱ የማያውቀውን አውቅ ነበር። እህታችን በድግሱ መሀል ወደ ስልኬ ጠጋ ብላ ለእናቷ የተናገረችው እዚያ ቪዲዮ ውስጥ ነው፤ እናታችን ራሷ እስክታየው ድረስ ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች።

ሦስተኛውን ሙከራ ዓይኔን ሳልነቅል ተከታተልኩ። ወንድሜ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ይዞታል፤ እሱ ሲነቃነቅ ኬብሉም ላላ ይላል፤ ያኔ ይቋረጣል።

«ኬብሉ ነው!» አልኩ።

በሆሳዕናና በአዲሎ መካከል የሚመላለሰው ሹፌር ጎረቤታችን ሮጦ ከመኪናው የራሱን ኬብል አመጣ። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ፣ ስልኩን አጠገቡ አስቀመጥን። ስክሪኑ እንዳይቆለፍ ቶሎ ቶሎ በጣቴ እነካዋለሁ።

«ማንም ጠረጴዛውን እንዳይነካ!» አለ ሹፌሩ እጁን ዘርግቶ።

ቅጂው የደረሰበትን የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር ግማሹን አለፈ። ሞላ! የወንድሜን አንገት አቅፌ ዘለልኩ።

ቪዲዮው ሲከፈት እህታችን በቬሏ ስክሪኑን ሞላችው። በሃዲይኛ ነበር የተናገረችው። «እማዬ፣ እግርሽ ሲድን መጀመሪያ የምትገቢበት ቤት የኔ ይሁን። ምርቃቴን ግን አሁን ስጪኝ፤ ቆሜ እየጠበቅሁሽ ነው።»

ከዚያ ለምርቃት አንገቷን ደፍታ ቆመች።

ወንድሜ ቪዲዮውን ሊያቆመው እጁን ሰነዘረ። «ተወው፣ እንዳታቆማት!» አለችው እናቴ። ሁለት እጇን ወደ ላፕቶፑ ዘርግታ መመረቅ ጀመረች፦ ውለጂ፣ ክበጂ፣ ቤትሽ እንግዳ አይጣ። እኛ አሜን ስንል ሹፌሩ አሚን ይላል። ያለቀሰም የሳቀም ነበር፤ እኔ ሁለቱንም አደረግሁ።

ቪዲዮው ቀጠለ፤ የሺንሺቾ ሴቶች ዘፈን ከላፕቶፑ ወጣ። የእኛ ቤት ሴቶች ተቀበሏቸው። ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ ተገፋ፣ ሹፌሩ ትከሻውን መነቅነቅ ጀመረ፣ እናቴም የአልጋዋን ጠርዝ እንደ ከበሮ እየመታች ለጨፋሪዎቹ ምት ሰጠች።