የጋሽ ደምሴን ባቄላ ዋግ አልመታውም

ንጋት፣ ደብረ ብርሃን

ሚኒባሷ ከመናኸሪያው ስትወጣ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። መስከረም ገብቷል፤ ትምህርት ሳይጀመር አንኮበርን ልይ ብዬ ነው የተነሳሁት። ከጎኔ የተቀመጡት ገበሬ ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። ጋቢያቸው ውስጥ ጠርሙስ እንደ ሕፃን ታቅፈዋል።

«ጋሼ፣ ክርስትና ሊያስነሱት ነው?» አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየ።

«መድኃኒት ነው። ባቄላዬን ዋግ መታብኝ።»

የባዮሎጂ መምህር ነኝና ዝም አልልም። «ዋግ መሆኑን ማን ነገረዎት?»

«ባለ መደብሩ። ቢጫ ሆነ አልኩት፣ ዋግ ነው ብሎ ይሄን ሰጠኝ። ዓመቱን ሽሯችን እሱ ነው መምህር፤ ዘራችንም እሱ ነው።»

ሻጩ ቅጠል አላየም፤ ይዘው ይምጡም አላለም። እዚህ አገር አዝመራ ላይ የሚወርድ በሽታ ሁሉ ስሙ ዋግ ነው፤ ነጋዴ ደግሞ ለዚህ አንድ ስም አንድ ጠርሙስ አዘጋጅቷል። ደሜ ፈላ። ማሳዎን ያሳዩኝ አልኳቸው።

ረፋድ፣ ከጎረቤላ ከተማ በላይ፣ የጋሽ ደምሴ ማሳ

ጉም ከገደሉ ሥር እየተነሳ ነው። የማሳው መሀል ለምለም ነው፤ ነጭ አበባው ጥቁር ነጥቡን ይዞ ቆሟል። ዳር ዳሩ ላይ ግን ቢጫ፣ ድንክዬ ባቄላ። ቅጠሉ ወፍሮ ወደ ላይ ተጠቅልሏል፤ ሲነኩት ቀጭ ብሎ ይሰበራል።

«በጣትዎ ይሹት» አልኩ። ጋሽ ደምሴ አሹት፤ ጣታቸው ንጹሕ ነው። «ዋግ ቢሆን ቡናማ ዱቄት ይተው ነበር። ዋግ ሻጋታ ነው፤ ጠርሙሱ የሻጋታ መድኃኒት ነው። ይሄ ቫይረስ ነው።»

ቅጠሉን ገለበጥኩት። ጥቁር ክሽክሽ፣ የቅጠል ጭማቂ የምትመጥ ደቃቅ ተባይ፣ ተደርድሯል። ክሽክሽ ከታመመው መጥጣ ወደ ጤነኛው ስትሻገር ቫይረሱን በአፏ ይዛው ትሄዳለች። ቫይረሱ ምግብ የሚያመላልሱትን ቱቦዎች ያበላሻል፤ ቅጠሉ የሠራው ስኳር ወደ ሥርና ወደ አበባው መድረሱ ቀርቶ እዚያው ይከማቻል። ቅጠሉ የሚወፍረው ለዚህ ነው፤ ተክሉ ምግብ ታቅፎ ይራባል።

«መድኃኒቱስ?»

«ለታመመው የለውም። ነቅለው ይቅበሩት፤ የቀረው እንዲተርፍ።»

«ያበበ መንቀል? እጄ እሺ አይለኝም።»

«እጅህ ለእኔ እንጂ ለባለ መደብሩ መች እንቢ ብሎ ያውቃል!» አሉ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ፤ ነጠላቸውን አሸርጠው መንቀል ጀመሩ። ጋሽ ደምሴ ፊታቸውን አዙረው ጉድጓድ ቆፈሩ።

ከሰዓት፣ እዚያው

ልንጨርስ ስንል ከድንጋይ አጥሩ ማዶ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ሰማን። ጎረቤትየው መርጫ አዝሎ ቢጫ ባቄላውን ያጥባል። ያው መድኃኒት፣ ከዚያው መደብር።

«እናንተ ቅበሩ፤ እኔ አድናለሁ!» ብሎ ሳቀ።

አጥሩ ለበግ ነው የተሠራው፤ ክሽክሽ ክንፍ አላት። የጋሽ ደምሴን የዓመት ሽሮ ከበሽታው የለየው አንድ ክምር ድንጋይ ብቻ ነው። በሰውየው መናደድ አልቻልኩም፤ እሱም እንደ ጋሽ ደምሴ ዋግ ነው ተብሎ ነው የገዛው። የተናደድኩት አንድም ቅጠል ሳይገለብጥ ስም በሚያወጣው ነጋዴ ነው፤ ይህን ሁሉ ሲያይ ዝም በሚለው የግብርና ባለሙያም ነው።

ከመንገዱ የመጨረሻው መኪና ጥሩምባ ነፋ።

«መምህር፣ መኪናህ!» አሉ ጋሽ ደምሴ።

እትዬ አስካለ ግን አንድ ቢጫ ባቄላ ከነሥሩ ይዘው አጥሩ ላይ ወጥተዋል። «አንተ ሰውዬ፣ መርጫህን አውርድና ጣትህን አምጣ!»

መኪናው ሄደ። እኔም እትዬ አስካለን ተከትዬ አጥሩን ዘለልኩ።