በስልክ የሚጠግነው አብዱልአዚዝ

ስልኩ ሲጮህ ፈይዛ ልጇን ሳምራን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አጥሚት ታጠጣት ነበር። በአንድ እጇ ስልኩን አነሳችና ስሙን አይታ ባሏ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«ሸዋአለም ናት፤ የባንኮ ጎቲቲዋ።»

አብዱልአዚዝ ፍራሹ ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀምጧል። ከማንሳቱ በፊት ጉሮሮውን ጠረገ፤ ደንበኛ በሩን ገፍቶ እንደገባበት ሰው ኮሌታውን አስተካከለ። ከዚያ የድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«እሺ ሸዋዬ፣ ምን ሆነች ደግሞ ኮምፒውተርሽ?»

«ጋሽ አዚዝ፣ ጉድ ሆኛለሁ! ፍላሼ ውስጥ ያለው በሙሉ ሾርትከት ሆነብኝ። ገበሬው ያስረከበው እሸት ቡና የተመዘገበው እሱ ላይ ነው። ብነካው ብነካው አይከፈትም። ጠፋ መሰለኝ።»

«አልጠፋም። ቫይረሱ ደበቀው እንጂ አልበላውም። አታልቅሺ።»

«ማን አለቀሰ?»

«አፍንጫሽ ይሰማኛል እኮ።»

ሸዋአለም እያለቀሰች ሳቀች። ባንኮ ጎቲቲ በሚባል የገጠር ቀበሌ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያለው የአንድ የገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ናት። ፊቷን ፈይዛም አብዱልአዚዝም አይተውት አያውቁም፤ ድምፅዋን ግን እንደ ቤተሰብ ያውቁታል።

አብዱልአዚዝ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት አስከፈታትና ቀስ እያለ ያስጽፋት ጀመር። «ኤ። ቲ። አሁንም ቲ። አር። አይ። ቢ። አንዴ ስፔሱን ምቺ። ሰረዝ አድርጊና ኤች። ምን ጻፍሽ? አንብቢልኝ። አዎ። የገባሽን ሳይሆን የምታዪውን ብቻ ንገሪኝ።» ፊደል በፊደል ሄዱ። መጨረሻ ላይ ከወዲያ ማዶ እልልታ የሚመስል ነገር ተሰማ።

«ወጣ! ሁሉም ወጣ! አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ ባንኮ ድረስ ያያል እንዴ?»

የፈይዛ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። አብዱልአዚዝ ግን ከት ብሎ ሳቀ። «ያያል፣ ያያል! ቫይረስ ማጥፊያውን አሳድሺው፤ ያን የሰው ፍላሽ ሁሉ አትሰኪ» አላትና ዘጋ። ከዚያ ስልኩን ወደ ጠረጴዛው ሊመልስ እጁን ዘርግቶ ዳሰሰ። ጠረጴዛውን አጣው። ፈይዛ ተነስታ ተቀበለችው።

ማየት ካቆመ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ከሚደውሉለት ሰዎች አንዳቸውም አያውቁም።

አባቱ ከቡታጅራ መጥተው ዲላ ውስጥ ጨርቅ የነገዱ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ሱቁን ይረከባል ሲሉ እሱ የጎረቤቱን ሬዲዮ ፈትቶ መግጠም ወደደ፤ ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ኮምፒውተር ሄደ። መናኸሪያው አጠገብ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ «አዚዝ የኮምፒውተር ጥገና» የሚል ሰሌዳ ሲሰቅል ከተማው ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ገና በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ፈይዛን ያገባትም እዚያው ሱቅ ውስጥ አውቋት ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ የኮምፒውተር ጽሑፍ ለመማር መጥታ እሱ አስተማራት። «ትምህርቱን ሳትጨርሺ አስተማሪውን ይዘሽ ሄድሽ» እያለ ያበሽቃት ነበር።

ዓይኑን የያዘው ነገር ከዳር ነው የጀመረው። በጎኑ የሚያልፍ ባጃጅ አይታየውም፤ ድንገት አጠገቡ ሲደርስ ይደነግጣል። ድካም ነው አለ። አንድ ቀን የሚበይድበትን ካውያ የገዛ አውራ ጣቱ ላይ አሳረፈው። ሐዋሳ የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት መሆኑን ነገራቸው፤ «የጠፋውን አልመልስልህም፤ የቀረውን እንጠብቅ» አለ። ጠብታውን ሰዓት ሳታዛንፍ የምታደርግለት ፈይዛ ነበረች። የቀረውም አልተጠበቀም።

ሱቁን ሲዘጋ ለሰው ሁሉ «ሥራውን ወደ ስልክ አዙሬዋለሁ፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው» አለ። ሰውም አመነው፤ እንዲያውም አድጓል ብለው ቀኑበት።

«ለምን አትነግራቸውም?» አለችው ፈይዛ ያኔ። «ደንበኞችህ ናቸው፤ ይወዱሃል።»

«ስለሚወዱኝ ነዋ። ያዝኑልኛል። ያዘነልሽ ሰው ደግሞ ሥራ አይሰጥሽም፤ ስኳር ነው የሚያመጣልሽ።» ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ስልክ ላይ ሁላችንም ዕውር ነን፣ ፈይዚ። ዓይን የነበረኝ ጊዜስ ቢሆን ቡሌ ያለውን ኮምፒውተር ከዚህ ሆኜ አየው ነበር? አላየውም። እዚያ ላይ እኩል ነኝ።»

እውነቱን ነበር። የቡሌው ተክለጻድቅ ለምሳሌ ፎቶ ኮፒና የጽሑፍ ሥራ ያለው፣ ቀልድ የማያልቅበት ሽማግሌ ነው። በብርዱና በጭጋጉ ወራት በሳምንት አንዴ ሳይደውል አይቀርም።

«ኢንጂነር! ይቺ ጉደኛ ዛሬ ትጮኻለች እንጂ አትከፈትም።»

«አጯጯኋ እንዴት ነው ጋሽ ተክሌ? ረጅም ነው አጭር?»

«እኔ እንደሷ ልጩህልህ እንዴ?»

«ጩህልኝ እንጂ!»

ሽማግሌው ምንም ሳያፍር «ጢይይይት... ጢይይይት...» አለ። ሳምራ በሳቅ ተንፈራፈረች። አብዱልአዚዝ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። «ራሟ ናት፣ የማስታወሻ ካርዷ፤ እርጥበት አግኝቷታል። ከመብራት ንቀላትና ሽፋኗን ፍታ። ጣትህን ወደ ውስጥ ስደድ፤ እንደ ማስመሪያ ቀጭን ሆና የቆመች ነገር ታገኛለህ። ግራና ቀኝ ያሉትን መያዣዎች ወደ ውጭ ግፋቸው። ወጣች? አሁን የተማሪ ላጲስ ፈልግና ወርቅማውን ጥርሷን ፈግፍግላት።» ላጲሱ ሲፈገፍግ በስልኩ ይሰማል። መልሶ ሲሰካት «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ከተክለጻድቅ በፊት የሰማው አብዱልአዚዝ ነበር።

እንዲህ ባሉ ቀናት ፊቱ ይፈካል። እራቱን ሲበላ እንኳ ስለ ራሟ ያወራል። ፈይዛ ያን ፊት ለማየት ስትል ብዙ ነገር ትችል ነበር።

ከዚያ የነሸዋአለም ማኅበር አዳዲስ ኮምፒውተሮችና ኢንተርኔት አስገባ።

«ጋሽ አዚዝ፣ ተገላገልን!» አለች ሸዋአለም። «አለቃዬ ከሩቅ የሚከፍተውን ፕሮግራም አስጭኖልኛል። አንተም ጫነው። ቁጥሩንና የይለፍ ቃሉን እነግርሃለሁ፤ አንተ እዚያ ስትጽፈው የኔ ስክሪን ቤትህ ይመጣል። ማውሱንም አንተው ታንቀሳቅሰዋለህ። ከእንግዲህ ኤ፣ ቲ፣ ቲ የለም፤ ገብተህ ማየት ብቻ!»

አብዱልአዚዝ «ጥሩ ነው» አለ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እኔ አለሁ አይደል?» አለች ፈይዛ። «ላፕቶፑ አለ፤ ኢንተርኔት የሚያስገባውን ዶንግል እንገዛለን። የማየውን እነግርሃለሁ፤ የምትለኝን እጫናለሁ።»

«እንግሊዝኛው?»

«ፊደሉን እቆጥርልሃለሁ። ሸዋአለምስ ስትቆጥርልህ አልነበር?»

ሆነላቸውም። እሱ ስልኩን ይዞ ያወራል፤ እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ ሳምራን በጉልበቷ ይዛ፣ በጆሮው ታንሾካሹካለች። እሱ ጣቱን ጭኗ ላይ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያንቀሳቅስላታል፤ ማውሱ ባንኮ ጎቲቲ ላይ ይታዘዛል። አንዳንዴ ሸዋአለም «ዛሬ ማውስህ ያነክሳል ጋሽ አዚዝ፤ ቁርስ አልበላህም?» ትለዋለች። እሱም «ኔትዎርኩ ነው» ይላል። ከዘጉ በኋላ ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ።

ያ የፈሩት ቀን የመጣው ቡና በሚሰበሰብበት ወቅት ነው። ሳምራ ትኩሳት ይዟት ስለነበር ፈይዛ በጠዋት አዝላት ጤና ጣቢያ ሄደች። ወረፋው ረጅም ነበር። መርፌዋን አስወግታ፣ መድኃኒቷን ይዛ በባጃጅ ተመለሰች። በሩ ላይ ስትደርስ ከውስጥ የሸዋአለምን ድምፅ ሰማች።

«... ገበሬው በሩ ላይ ተሰልፎ እየጮኸብኝ ነው! ኤክሴሉ ይከፈትና ድርግም ይላል። ቁጥሩን ነገርኩህ እኮ፤ ግባ እንጂ!»

«በስልክ እንሞክረው ሸዋዬ።»

«አለቃዬ እዚሁ ቆሟል። ገብቶ ይየው እያለ ነው። የኛ ኔትዎርክ ሙሉ ነው።»

«የኔ ነው እንቢ ያለኝ።»

«ጠዋት ኢንተርኔቱ ይሠራል አላልከኝም? ጋሽ አዚዝ፣ ተቀይመኸኝ ነው? የበደልኩህ ነገር ካለ...»

ፈይዛ ገርበብ ያለውን በር ልትገፋ እጇን አነሳች። ባሏ ላፕቶፑን ከፍቶ ፊት ለፊቱ አስቀምጦታል፤ ጣቶቹ ፊደሎቹ ላይ ናቸው። ስክሪኑ በርቷል፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል።

«አልተቀየምኩሽም» አለ። «አላይም፣ ሸዋዬ። ዓይኔ ከጠፋ ቆየ።»

ከወዲያ ማዶ የገበሬዎቹ ጫጫታ ይሰማ ነበር። ከዚያ ሸዋአለም አለቀሰች፤ አሁን አፍንጫዋን መስማት አላስፈለገም።

«በኋላ ታለቅሻለሽ» አላት አብዱልአዚዝ። «ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ተጭነሽ ሳትለቂ ኤክሴልን ክፈቺው። አንድ ጥያቄ ይጠይቅሻል፤ የስ በይው።»

ኤክሴሉ ተከፈተ። ገበሬውም ቡናውን አስረክቦ ወደ ቤቱ ገባ።

ሸዋአለም ክፉ ሰው አይደለችም። ወሬውን ያወጣችው አዝና፣ ደንግጣ፣ እንጸልይለት ብላ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ከይርጋጨፌም ከወናጎም እየደወሉ «አይዞህ» አሉት። ተክለጻድቅ ከቡሌ ቆጮና ቅቤ አስጭኖ መጣ። አብዱልአዚዝን አቅፎ ሲያበቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ።

«እኔ ደግሞ ጢይይት እያልኩ አሾፍብሃለሁ!»

«ያንተ ጩኸት ነው ያኖረኝ ጋሽ ተክሌ። ኮምፒውተሯስ?»

«ደህና ናት። ደህና ናት፤ አንተ ብቻ አትጨነቅ።»

ከዚያ ወዲያ ተክለጻድቅ ለሰላምታ እንጂ ለብልሽት ደውሎ አያውቅም። ሌሎቹም እንዲሁ። አብዱልአዚዝ ሁሉንም «ኮምፒውተሩስ?» ይላቸዋል፤ ሁሉም «ደህና ነው» ይሉታል። ገበያ ስትወጣ ግን ፈይዛ በዓይኗ አየች። ዩኒቨርሲቲው መንገድ ላይ አዲስ የተከፈተ የጥገና ሱቅ ደጃፍ ላይ ተክለጻድቅ ያችን አሮጌ ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ቆሟል። ሳያያት ዞረች። ቤት ስትገባም አልተናገረችም።

ክረምቱ አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የፈይዛ ስልክ ጮኸ። የባሏ ሳይሆን የራሷ።

«ፈይዚ፣ ሸዋአለም ነኝ። ጋሽ አዚዝ አጠገብሽ አለ እንዴ? እንዳትነግሪው፤ እሱን አናስቸግረው። ፕሪንተሬ አላትም ብሏል። አንቺ ግቢልኝ፤ ስንደውልለት አብረሽው የምትሠሪው አንቺ ነበርሽ አሉ።»

አብዱልአዚዝ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ የሳምራን ጫማ እያሰረ ነበር። ፈይዛ አየችው። እጠይቀዋለሁ ብላ አፏን ከፈተች። ለወራት ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ምን ላድርግ ብላ ሳትጠይቀው አንድ ነገር ነክታ አታውቅም። ግን የዚህን ብልሽት መልስ እሷው ታውቀዋለች። ሸዋአለም ደግሞ ትጠብቃለች፤ ሥራው ከቀረ የቤቱ ገቢም ይቀራል።

ላፕቶፑን ከፈተች። ቁጥሩን ጻፈች። የባንኮ ጎቲቲ ስክሪን መጣ። ማተሚያውን የሚያዘውን፣ ስፑለር የሚባለውን አገልግሎት ፈልጋ አስቆመችው፣ ተጠራቅሞ የተሰለፈውን ሁሉ ሰረዘች፣ መልሳ አስነሳችው። ፊደሎቹን የምትጫነው እንዳይሰሙ አድርጋ ነበር።

«ፕሪንተር ነው?» አለ አብዱልአዚዝ።

«አዎ።»

«ስፑለሩን አስቆምሽው?»

«አስቁሜ አስነሳሁት።»

«የተጠራቀመውን ሳትሰርዢ?»

«ሰርዤ ነው።»

በስልኩ ውስጥ ፕሪንተሩ ሲያጓራና ወረቀቱ ሲወጣ ተሰማ። «አተመ! እጅሽ ይባረክ ፈይዚ!» አለች ሸዋአለም፤ ወዲያው ደግሞ የእሱን ድምፅ መስማቷ ትዝ ብሏት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጎበዝ» አለ አብዱልአዚዝ። የጫማውን ክር ጎትቶ አጠበቀ። ሳምራን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረጋት፤ በሩን በእጁ ፈልጎ ወጣ።

ውጭ ጎረቤታቸው ዘነበ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰላም ሲለው ፈይዛ ትሰማለች። «ሥራ እንዴት ነው አዚዝ? ጥገናው?»

«ሚስቴ ናት የምትሠራው» አለ አብዱልአዚዝ። ለደንበኞቹ በሚያወራበት በዚያው ድምፅ ነው ያለው። «እኔ ልጅ እጠብቃለሁ።»

ዘነበ ሳቀ። እሱም አብሮት ሳቀ።

ፈይዛ ማውሱን እንደያዘች ቀረች። ስልኩ አሁንም አልተዘጋም ነበር።

«ፈይዚ» አለች ሸዋአለም ከባንኮ ጎቲቲ፣ «ጨርሰሽ የለም እንዴ? ከኮምፒውተሬ አልወጣሽም፤ ማውሱ መሀል ላይ ቆሞ ቀረ።»