ንፋስና አልለቅም ያሉት ፀጉር አስተካካይ

ሰውየውን «ንፋስ» ይሉታል። ሥራው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ ቤት ማስለቀቅ ነው፤ እሱ አንዴ ካንኳኳ አልጋው ከነፍራሹ፣ ድስቱ ከነክዳኑ ደጅ ነው። ስሙን ያወጡለት ግን ቀድሞ ይሠራባት በነበረችው ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ ዳኛው ሥራ የጠማቸው፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋም ባለጉዳይ ሳያስነጥስ «ይማርህ» የምትል ፈጣን ስለነበሩ፣ አንድ ተከራይ ከክስ እስከ መንገድ የሚፈጅበት ቢበዛ ወር ነበር።

ወደ ትልቁ ከተማ ሲዛወር ቤት ገዛ። ከነተከራዩ።

«ምን ችግር አለው? በወር ውስጥ አወጣቸዋለሁ» አላት እጮኛውን።

«እንግዲያው የለቀቁ ዕለት እንጋባለን» አለችው። «የሰው ጢም በሚላጭበት ሳሎን ሙሽራ አልሆንም።»

ተከራዩ ሳሎኑን ፀጉር ቤት ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው።

ንፋስ ከሰሰ። እዚህ ከተማ ግን ዳኛዋ ሲገኙ ጠበቃው ይታመማል፤ ጠበቃው ሲድን ዳኛዋ ይዛወራሉ፤ አዲሱ ዳኛ ደግሞ «እስቲ መዝገቡን ላንብበው» ብለው ቀጠሮ ይሰጣሉ። ተፈርዶለት እፎይ ሲል ሽማግሌው ይግባኝ አሉ። ይግባኙም ሲወድቅ፣ የራሱን ጉዳይ ራሱ ማስፈጸም አይችልምና ትእዛዙ ለባልደረባው ተመራ። ባልደረባው ደግሞ ከወንበሩ ለመነሣት እንኳ ትእዛዝ የሚያስፈልገው ሰው ነው።

የድሮ ጓደኛው ከትንሿ ከተማ እየደወለ፣ «እዚህ ብትሆን ይሄኔ ልጅህ ጥርስ አብቅሎ ነበር» እያለ ያበሽቀዋል።

ቢጨንቀው ሽማግሌው ዘንድ ሄደ። «ጋሼ፣ በፈጠረዎ፣ ማግባት ፈልጌ ነው!»

«አግባ ልጄ፣ ማን ያዘህ? ይልቅ ተቀመጥ፣ ጢምህን ልላጭልህ። በዚህ ፊትህ እንኳን ሚስት ተከራይም አይጠጋህ።»

«በገዛ ቤቴ ‹ተቀመጥ› ይሉኛል?»

«ታዲያ ቆመህ ልላጭህ?»

ተቀመጠ። ምን ያድርግ፤ የሚያናድደው ደግሞ እጃቸው ጥሩ መሆኑ ነው።

ዓመቱ አልፎ ሁለተኛው ሲጋመስ የእጮኛው እናት መረራቸው። «የልጄ ፀጉር ቀጠሮ ስትጠብቅ ሊሸብት ነው እንዴ? ተጋቡና እኔ ቤት ግቡ!» አሉ። ተጋቡ። ሙሽራውን በነፃ ያስተካከሉት ተከራዩ ናቸው።

አማቱ ቤት በገባ በሳምንቱ፣ እሳቸው ወለሉን ሲጠርጉ ንፋስ እግሩን ጠረጴዛው ላይ ሰቅሎ ቤቱን ዙሪያውን አየና፣ «እማማ፣ ይሄ ቁም ሳጥን ቦታው አይደለም። ወደዚያ ቢዞር…» አለ።

አማቱ መጥረግ አቆሙ።

«ልጄ፣ እዚህ ከተማ ሰው ከቤት ለማስወጣት ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ኧረ ይተዉት እማማ፤ ሁለት ዓመትም አይበቃው።»

«እኔ ቤት ይሄን ወለል ጠርጌ እስክጨርስ ነው። ይግባኝም የለው።»

ንፋስ እግሩን አወረደ። ተነሥቶ መጥረጊያውን በትሕትና ተቀበላቸውና ይጠርግ ጀመር፤ ከጥግ እስከ ጥግ፣ አንዲት ነገር ሳያስቀር፣ ቀስ እያለ። ሲጠርግ ላየው በሕይወቱ ቸኩሎ የማያውቅ ሰው ይመስል ነበር።