ሐመልማል ያልደረሰችው ለቅሶ

«የወንዝ ዳር ሸምበቆ፣ ንፋስ ያዘመመህ፣
እም… እም… እም… እም… ማንስ አስታመመህ»

ሐመልማል የግጥሙ መካከል ጠፍቶባታል። የጎደለውን በማንጎራጎር እየሞላች፣ ሲያትል፣ ዋይት ሴንተር ያለውን የቬትናሞች የኑድል ቤት በር ገፋች። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። መስመሯ የሚያልቀው እዚህ ደጃፍ ስለነበር፣ ዓመታት ሙሉ ምሳዋን የበላችው ከዚሁ ቤት ነው። ያን ሰሞን ግን፣ በ2013 መገባደጃ፣ ሌላ መስመር ተመድባ ከአካባቢው ጠፍታ ነበር።

ምድጃው ላይ ያገኘችው የቤቱን ባለቤት ዱክን ሳይሆን ሚስቱን ላንን ነው።

«ዱክስ?»

«ሞተ» አለች ላን፣ ከድስቱ ቀና ሳትል። «ወር ሊሞላው ነው።»

ሐመልማል ደሟ ፈላ። «ወር ሙሉ? እኔ ሰው አይደለሁም? ስልኬ አይደለም እንዴ ግድግዳሽ ላይ የተለጠፈው?»

ላን ጭልፋውን አስቀመጠች። «ለጓደኛሽ ነግሬዋለሁ፤ ለሹፌሩ። ቀብር መጥቷል። አንቺን በር በሩን እያየሁ ጠበቅሁ። ለካ ደንበኛ ብቻ ነበርሽ።»

ደንበኛ። ቃሉ እንደ እሾህ ገባ። እናቷ አገር ቤት ያረፈች ጊዜ፣ ዱክ አንድ ትልቅ ድስት ኑድል ተሸክሞ ኬንት ያለው ቤቷ ድረስ መጥቶ ነበር። ጫማውን አውልቆ፣ ቋንቋቸውን ሳያውቅ ከሽማግሌዎች መካከል ፍራሽ ላይ ተቀምጦ፣ ሲያለቅሱ አንገቱን ደፍቶ ዋለ። ለቅሶዋን የደረሰላት ሰው ተቀብሯል፤ እሷ አልነበረችም።

ወጥታ ለሹፌሩ ጓደኛዋ ለኡርጌሳ ኮል አደረገች።

«ዱክ ሞቷል?»

ኡርጌሳ «ማን ነገረዎት፣ እትዬ?» አለ።

«እሱን ነው የምትጠይቀኝ?»

«በማለዳ፣ ከእነ ገነት ጋር ቤትዎ መጥተን ልናረዳዎ ነበር እኮ። እኔ ሳርፍ እርስዎ ይሠራሉ፤ እርስዎ ሲያርፉ ገነት ትሠራለች። ሶ፣ አልገጥም አለ። መርዶ በስልክ ይነገራል? መሪ ይዘው?»

«እስክትገጣጠሙ ሬሳው ይጠብቃል?»

«ደንግጠው እንዳይወድቁ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ቆይ፣ ሳገኝህ ማን እንደሚወድቅ እናያለን።» ዘጋችበት።

መርዶ በወጉ ሲሆን፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ወዳጅ ዘመድ ዙሪያውን ከቦ፣ ክንድ ደግፎ ነው። ያ ሁሉ ርኅራኄ በሲያትል የሥራ ሰዓት ተሸራርፎ፣ ሐመልማል እጅ ሲደርስ በደል ሆኖ ነበር። ዝናብ ፊቷን እየመታት ትንሽ ቆመች፤ ተመልሳ ገባች።

«ያልነገረኝ እንዳልደነግጥ ብሎ ነው» አለች።

«እና አልደነገጥሽም?»

«ተናደድሁ እንጂ።»

«እኔም» አለች ላን። ሳህን አንስታ ልትቀዳላት ስትል ሾርባው ሳህኑን ስቶ ፈሰሰ።

ሐመልማል ጭልፋውን ነጠቀቻት። «ከቀብሩ ወዲህ ማን አበላሽ?»

«ማን ያበላኛል? እየሠራሁ እቀምሳለሁ።»

«እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ አያስተናግድም። ቁጭ በይ።»

«ሰው እየመጣ ነው።»

«ይምጣ።»

በሩን ከፍቶ የገባው ጎረምሳ ሜኑ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት፣ የሐመልማልን ፊት አይቶ ጥግ ያዘ። ሐመልማል ካፖርቷን ሳታወልቅ ሁለት ሳህን ቀዳች። አንዱን ላን ፊት አስቀመጠች።

«ብዪ። ስትበዪ ካላየሁ አልሄድም።»

ላን መጀመሪያ መረቁን ፉት አለች። ከዚያ እንባዋ መጣ፤ ድምፅ አልነበረውም።

ሐመልማል ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ፊቷ እንደ ጠቆረ፣ ኡርጌሳን በልቧ እየረገመች፣ መብላት ጀመረች።