የባባ ብስክሌት ሠላሳ ስድስት ሽቦዎች

አሕመዲ በሚባል ከተማ በገባሁበት ቤት ሆሹን፣ ግቢውን ማለቴ ነው፣ በየጠዋቱ ማጠብ የእኔ ሥራ ነበር። እኛ ኩዌት ያለን ሠራተኞች ደግሞ ክሎረክስን፣ በረኪናውን፣ ከልባችን እናምነዋለን። ሽንት ቤቱም፣ ወለሉም፣ ነጭ ልብሱም የሚነጻው በእሱ ነው። የቤቱ ጌታ ባባ ለዑምራ መካ ሲሄዱ፣ ጥግ ላይ የቆመው አሮጌ ብስክሌታቸው አቧራ ለብሶ አሳዘነኝና እሱንም፣ በተለይ የፊት ጎማውን፣ በክሎረክስ አሸሁት። በየቀኑ፣ ለአሥር ቀን። ሲመጡ እያብረቀረቀ ጠብቋቸው እንዲመርቁኝ ነበር ምኞቴ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ማክሰኞ ዕለት ማዳም ብስክሌቱን ወደ ጥላ አስጠጊው አለችኝ። ገፋ ሳደርገው ቀጭ አለ፤ ደግሞ ቀጭ። የፊት ጎማውን ቸርኬ ወጥረው ከሚይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች አራቱ ተበጥሰው ተንጠለጠሉ፣ ጎማውም ተንሻፈፈ። ክሎረክሱ በልቷቸዋል። ማዳም ጮኸች። ባባ ልባቸውን ካመማቸው ወዲህ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሰፈሩን የሚዞሩት በዚያ ብስክሌት ነው። እኔ ደግሞ ገና ስድስት ወር አልሞላኝም፤ ስድስት ወር ያልሞላትን ሠራተኛ ወደ ላካት ኤጀንሲ፣ ወደ መክተብ፣ መመለስ ይቻላል።

«ባባ ሐሙስ ይመጣል። ካልተሠራ፣ ኸላስ፣ መክተብ!» አለችኝ።

የቤቱ ሾፌር ጎማውን አባሲያ ሰፈር ወዳሉ ብስክሌት ጠጋኞች ወስዶት ተመለሰ። የዚህ ልክ ጎማ ድሮ ቀርቷል፣ ያለን ሽቦ ብቻ ነው ብለውታል። ይኼኔ ከወጥ ቤት እትዬ የምላት የኮምቦልቻዋ ወጥ ሠሪ ብቅ አለች። እውነቱን ልናገር፣ አልወዳትም ነበር። ሽንኩርት ስከትፍ አይታ ቢላውን ከእጄ ነጥቃ ራሷ የምትከትፍ ሴት ናት።

ካልተበጠሱት ሽቦዎች አንዱን ፈትታ ለሾፌሩ ሰጠችው። በዚህ ቁመት ሠላሳ ስድስት አምጣ አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አባቴ ብስክሌት ጠጋኝ ነበሩ። የቀሩትም ነገ መበጠሳቸው ነው፣ ሁሉንም እንቀይራለን። አብሽሪ፣ አይዞሽ።»

በማግስቱ የምሳው ዕቃ ከታጠበ በኋላ ባዶውን ቸርኬ ጭኗ ላይ አድርጋ በቢስሚላህ ጀመረች። አንዱን ሽቦ ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን በላይ፣ አንዱን በሥር እያሳለፈች ስትሰካ ሰሌን የምትሠራ ነበር የምትመስለው። እኔ አፌን ከፍቼ አያለሁ። ከዚያ ብስክሌቱን ገልብጣ ጎማውን ገጠመችና፣ አጠገቡ ባለው ብረት ላይ የልብስ መቆንጠጫ ሰክታ አሽከረከረችው። ቸርኬው መቆንጠጫውን በነካ ቁጥር እዚያ ያሉትን ሽቦዎች በትንሹ ታጠብቃለች ወይም ታላላለች። ጎማው ምንም ሳይነካ ሲዞር ዓይኗን ጨፈነችና እያንዳንዱን ሽቦ በጥፍሯ መታች።

«አባቴ ዓይናቸው ከደከመ በኋላ በጆሯቸው ነበር የሚያቀኑት። እኩል ካልጮኹ እኩል አልተወጠሩም» አለችኝ።

የመጨረሻዋን ሽቦ ግን አልነካችም። መፍቻውን ለእኔ ሰጥታ አስጠበቀችኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ሐሙስ ባባ መጡ። አንድ ዙር ዞረው ተመለሱና አዲሶቹን ሽቦዎች አይተው «መኑ ሰለሐ?» ማን ሠራው? አሉ። እትዬ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «ሃዲ» አለች፤ ይቺ። ባባ ሳቁና ለማዳም እንዲህ ያለች ሠራተኛ አትለቀቅም አሏት። እኔ እውነቱን መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ። መክተብን ፈርቼ ነው፤ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ወጥ ቤት ስንገባ «እትዬ፣ ለምን ዋሸሽልኝ?» አልኳት።

«የመጨረሻዋን ማን አጠበቃት? እኔ ከረመዳን በፊት አገሬ እገባለሁ። ብስክሌቱ ሲሰበር የሚጠሩት አንቺን ነው። ስለዚህ ተማሪ።»

እስክትሄድ ድረስ ያንን ደህና ጎማ ሦስት ጊዜ አስፈታችኝ፣ ሦስት ጊዜ አስገጠመችኝ። ሁለት ጊዜ አለቀስኩ፣ አንዴ መፍቻውን ወረወርኩ። አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ሽንኩርቱን እንጂ ሽቦውን አንድም ቀን አልነጠቀችኝም።

ከሄደች ዓመት አለፈ። ባለፈው ሳምንት ባባ ብስክሌቱን ጉድጓድ አስገብተው ሁለት ሽቦ ተሰበረና «መሐንዲሷ የት አለች?» እያሉ መጡ። ብቻዬን ቀየርኩ፣ ብቻዬን አቀናሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ስልኬን አጠገቤ አድርጌ ከጎማው መንፊያ ጀምሮ ሠላሳ ስድስቱንም ሽቦ አንድ በአንድ መታሁና ድምፁን ቀድቼ ኮምቦልቻ ለእትዬ ላክሁላት።

መልሷ የመጣው ሩዝ ሳጥብ ነው።

«ማሻ አላህ፣ እጅሽ ይባረክ። አሥራ ዘጠነኛዋ ላልታለች።»

እጄን እንኳን ሳላደርቅ ወጣሁ። ከመንፊያው ጀምሬ ቆጠርኩና አሥራ ዘጠነኛዋን ያዝኳት። ወላሂ፣ ላልታለች።