«ፋይን» የተባልኩበት ሳምንት

አምቦ እንግሊዝኛ ሳስተምር ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ቃል «ፋይን» ነበር። ጠዋት ክፍል ገብቼ «ሃው አር ዩ» ብዬ ሳልጨርስ ስልሳ ተማሪ ብድግ ብሎ «ፋይን ታንክዩ ቲቸር» እያለ ይጮሃል። አንዱ ቁርስ አልበላም፤ አንዷ ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ መጥታ ጫማዋ ጭቃ ሆኗል፤ እኔም ራሴን እየፈለጠኝ ነው። ግን ሁላችንም ፋይን ነን። አንድ ቀን ነገሩ አንገሸገሸኝና ስለዚህ ቅጽል አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ላስተምር ወሰንኩ።

ከቤተ መጻሕፍቱ ሽፋኑ የተገነጠለ ትልቅ መዝገበ ቃላት ተዋስኩ። ቃሉ ከላቲን ተነስቶ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። ሥሩ «መጨረሻ»፣ «ዳርቻ» ማለት ነው። እስከ መጨረሻው ተለፍቶበት የተሠራ ነገር ያምራልና ቃሉ «ምርጥ» የሚል ትርጉም ያዘ። ከዚያ ለቀጭን ክር፣ ለላመ ዱቄት፣ ለጠራ ሰማይ ሆነ፤ ውሎ አድሮ ለጤነኛ ሰውም ተረፈ። ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞላሁት። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለች። አይመጣም ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

በዚያው ሳምንት እናቴ ሸነን ከተማ ታማ ነበር። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቴ በየቀኑ ትደውልልኛለች።

«እማዬ አካም ጅርቲ?» እላታለሁ።

«ፋይን ናት እትዬ። ጉንፋን ቢጤ ነው። አንቺ የፈተና ወረቀትሽን አርመሽ ስትጨርሺ ቀስ ብለሽ ትመጫለሽ።»

«እስቲ አገናኚኝ።»

«አሁን ተኝታለች።»

ሦስት ቀን ሙሉ ተኝታለች። ይህ አነጋገር ጠፍቶኝ አይደለም። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም። ሰው መንገድ ላይ ደንግጦ አንድ ነገር እንዳይሆን ተብሎ፣ የሞተው «ትንሽ አሞታል» ይባላል፤ በጠና የታመመው ደግሞ «ደህና ነው»። እኔ ራሴ አባቱ ያረፈበትን ባልደረባዬን ሁለት ቀን እየሳቅኩ ሻይ ጋብዤዋለሁ። ዘመዶቹ መጥተው እስኪያረዱት እንዳይሰማ ጠብቁት ተብለን ነበር። ስለዚህ አውቃለሁ። እያወቅኩ እህቴን አመንኳት፣ ማመኑ ስለተመቸኝ። ያልታረመው ወረቀት ተከምሮ ነበር፤ መናኸሪያ ሄዶ ለሸነን መኪና መጋፋቱም ታክቶኝ ነበር። ለዚህ ራሴን ይቅር አላልኩም፤ የምልም አይመስለኝም።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ርእሰ መምህሩና ሁለት መምህራት ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

መኪና ውስጥ ያ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት «መጨረሻ» ትዝ አለኝና ራሴን ተጸየፍኩ። ትንቢት ነበር የሚለኝ ሰው ካለ አልሰማውም። መዝገበ ቃላቱ ምንም አላስጠነቀቀኝም። እናቴ በመኪና ጥቂት ሰዓት ብቻ በሚያስኬድ ቦታ እየሞተች እኔ ወረቀት ላይ ቀይ ምልክት ሳደርግ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው።

ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። እህቴ ሮጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። በለቀስተኛው ፊት ገፈተርኳት።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ትድናለች ብዬ ነው እትዬ። ትድናለች ብዬ ነው» አለች። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው፤ ይህን ማወቄ ግን ቁጣዬን አላበረደውም።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ ሲል እናቴን ሲያስታምሙ የነበሩት አሮጊት ጎረቤታችን መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። አዴ ነው የምንላቸው። ሊያጽናኑኝ ፈልገው ነበር።

«እናትሽንም አላስጨነቅናትም ልጄ። መኪና በሰማች ቁጥር ‹መጣች?› እያለች ቀና ስትል አላስችል አለን። ‹መጥታ ነበር፤ ተኝተሽ ብታገኝሽ ግንባርሽን ስማ ሄደች› አልናት።»

«ምን አለች?»



«‹ምነው ሳትቀሰቅሰኝ?› አለች። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ እምቢ አለች። ተኚ ብንላት፣ ብንላት፣ እስክታርፍ ድረስ ዓይኗን አልከደነችም።»