ጥዑመልሳንና የሳልመኑ ጉርሻ

ጥዑመልሳን ዳላስ፣ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። አንድ ሰመር አላስካ ዓሣ ፋብሪካ ሊሠራ ሄዶ እዚያ ጉድ አየ፤ ሳልመን የሚባለው ዓሣ ከባሕር ተነሥቶ፣ ፏፏቴ እየዘለለ፣ የተፈለፈለበት ወንዝ ድረስ ሽቅብ ሲወጣ። በቃ፣ ሰውየው የዓሣ ጠበቃ ሆኖ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ወንዙ ራስ ላይ ማዕድን ሊቆፈር ነው ከተባለ፣ ከሌዊስቪል አፓርታማው ሆኖ ባለሥልጣኑን ሁሉ ኮል ሲያደርግ ይውላል። ዓመት ፈቃዱንም እዚያው ወንዝ ዳር ቆሻሻ ሲለቅም ይጨርሳል። ጓደኞቹ «አንተ ሰው፣ ዳላስ ውስጥ ሳልመን የት አለና ነው?» ይሉታል።

«ሶ፣ የሌለበት አገር ካልጮኸለት፣ ያለበትማ እየበላው ነው» ይላል።

ቃልም ገብቷል፦ ባሕር ላይ በመረብ ታጉሮ የረባ ሳልመን አፉ አይገባም። የታጎረው በነፃ በሚዋኘው ላይ ተባይ ያራባበታል።

መከራው ታዲያ ከዚህ ጀመረ። ሐበሻ ስለ አንድ ነገር አብዝተህ ካወራህ፣ ወደድከው ብሎ ያበላሃል። ክርስትና ቢጠራ ሳልመን፣ ልደት ቢጠራ ሳልመን፤ ያውም የታጎረው። «እኔ እኮ፣ ማለቴ...» ብሎ ሳይጨርስ ሳህኑ ይሞላለታል። ምስኪን፣ ሰላጣ ሥር እየደበቀ ኖረ።

ሊያገባት የሚመኛት እስከዳር፣ ማኪኒ ከተማ እናቷ ዘንድ የወሰደችው ዕለት ግን ዘዴው አለቀ። ልጃቸውን ለብቻቸው ያሳደጉት እማማ አባይነሽ ካልወደዱት ጋብቻ የሚባል ነገር የለም፤ ካሁን ቀደም አንዱን በአቀማመጡ ብቻ አሰናብተውታል። እሳቸው ደግሞ «ዓሣ ወዳጅ ነው» ሲባል ሰምተው፣ ሳልመኑን በቅቤና በሚጥሚጣ አሰማምረው ጠበቁት። ጥዑመልሳን ወጥ ቤቱ ውስጥ የተጣለውን ማሸጊያ አየ። የታጎረው ነው።

እማማ አባይነሽ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉለት። «በሞቴ።»

ቢጎርስ ቃሉ ገደል ገባ፤ እምቢ ቢል እስከዳር አመለጠችው። ዞሮ አያት። እሷ ጣራ ጣራውን ታያለች።

«በኔ ሞት ይተዉኝ፣ እማማ» አለ። «እርስዎን ንቄ አይደለም። ይሄን ዓሣ አልበላም ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ለማንም ብዬ አላፈርሰውም።»

እማማ አባይነሽ እጃቸውን እንደዘረጉ ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ጉርሻውን ራሳቸው ጎረሱና ቀስ ብለው አላምጠው ዋጡ።

«እስከዳር» አሉ፣ «ተነሺ፣ ሽሮ አሙቂለት። አባትሽ እኮ ላጎረሰችው ሁሉ አፉን ይከፍት ነበር።»